አልቃሿ አንጓችና የቃል ጎተራዋ

በድሮ ዘመን፣ ለሟች ቃል ሳይወጣለት አፈር ማልበስ ነውር በነበረበት ዘመን፣ አንጓች የምትባል አልቃሽ ነበረች። አንጓች ድምፀ መልካም ነበረች፣ ብልህ ነበረች፣ ደግሞም ፈሪ ነበረች። ሦስቱንም ያዙልኝ፤ በኋላ ይፈለጋሉ።

ባሏ ቢያድግልኝ ይባላል። ቢያድግልኝ በሬ የለውም፣ መሬት የለውም፤ ያለችው አንዲት አህያ ብቻ ናት። የሰው እህል ወደ ገበያ ይጭናል፣ ከገበያ ጨው ጭኖ ይመለሳል። በሰው ፊት ዝምተኛ ነበር፣ ታጋሽ ነበር፣ መንገድ ላይ ያየውንም ሁሉ ወደ ቤቱ ይዞ መግባት ይወድ ነበር። ይዞ የሚገባው በእጁ አይደለም፤ በአፉ ነው።

አህያይቱ ቡላ ትባላለች። አህያ ናት፤ ስለ እሷ ለጊዜው ሌላ የምለው የለኝም።

ተጠጉ ልጆቼ። ተጠጉ እንጂ አትገፋፉ፤ ያ ድንጋይ ይንሸራተታል።

አልቃሽ ምን እንደሆነች የማታውቁ ትኖራላችሁ። ሰው ሲሞት ዘመድ ይሰበሰባል። ዘመድ ማልቀስ ይፈልጋል፤ ኀዘኑ ግን ጉሮሮው ላይ ይቆማል፣ አይወጣም፣ አይወርድም። ያን ጊዜ አልቃሿ ትነሣና ሙሾ ታወጣለች። ሙሾው ስለዚያ ሟች ነው፤ ስለ ሌላ ሰው አይደለም። ሴቶቹ ይቀበሏታል፣ ደረት ይመታል፣ ዕንባው ይወርዳል። ሟቹም «ታወቀ» ይባላል። ቃል ያልወጣለት ሰው ግን፣ በዚያ ዘመን ሰዎች እምነት፣ ስሙ ከአፈሩ በታች ይቀራል።

የአንጓች እናት ወለቱም አልቃሽ ነበረች። ልጇን ስታስተምር እንዲህ አለቻት፦

«ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ስትሄጂ ቃል ይዘሽ አትሂጂ። ባዶሽን ሂጂ። ከደረስሽ በኋላ ቤቱን ዙሪው። በጓሮው እለፊ፣ በበረቱ እለፊ፣ በምድጃው እለፊ። ማንንም አትጠይቂ። አንድ ነገር ያደናቅፍሻል፤ ሙሾሽ እሱ ነው።»

«ካላደናቀፈኝስ እምዬ?»

«ያደናቅፍሻል።»

«ምንም ባላገኝስ?»

«ኤድያ! ይቺ ልጅ ሳትሄድ መመለሻዋን ትጠይቃለች! ቃሉን አትፈልጊው አልኩሽ። እሱ ይፈልግሽ። አንቺ በሩን ብቻ ክፈችለት።»

ወለቱ ሞተች፤ አንጓች በእግሯ ተተካች።

የመጀመሪያው ለቅሶዋ የእንጨት ጠራቢው የአያ ውብነህ ነበር። አንጓች እናቷ እንዳለቻት ባዶዋን ሄደች። በጓሮው አለፈች፣ ምንም የለም። በበረቱ አለፈች፣ ምንም የለም። በምድጃው በኩል ስታልፍ እግሯ አንድ ነገር መታና ልትወድቅ ነበር። ጎንበስ ብላ ብታይ ያልተጨረሰ በርጩማ ነው። ሁለቱ እግሮቹ ተጠርበው አልቀዋል፤ ሦስተኛው ገና ነው። ወጥታ ከሰው መሀል ቆመችና እንዲህ አለች፦

«ሁለት እግሩን ይዞ በርጩማው ቆመ ወይ፤
ሦስተኛውን ይዘህ ወዴት ሄድክ አንተ ሆይ።»

የአያ ውብነህ ወንድም ከመጣ ጀምሮ ዓይኑ ደረቅ ነበር። ይህን ሲሰማ መሬት ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። ስሟ ከወንዝ ማዶ ተሰማ።

እንዲህ ሲል ቆይቶ፣ አንድ ቀን አንዲት ሴት ሞታ አንጓች ቤቱን ብትዞር ቃል ዘገየባት። ዘገየባት ስላችሁ ብዙ አይደለም፤ ሰው አንድ ጉንጭ ውኃ እስኪውጥ ያህል ነው። ከዚያ መጣላት። ማንም አላወቀባትም። እሷ ግን አወቀች። ጀርባዋን ላብ አጠመቀው። ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አሰበች፤ «ዛሬ መጣ። ነገ ባይመጣስ?»

ፍርሃት ክፉ አይደለም ልጆቼ። ከገደል አፋፍ የሚመልሰን እሱ ነው። ቤት ሥራልኝ ብላችሁ ካዘዛችሁት ግን መስኮት አያወጣለትም።

አንጓችም ከራሷ ጋር እንዲህ ስትል መከረች፦ «ገበሬ ለክፉ ቀን በጎተራ እህል ያኖራል። እኔስ ቃል ባኖር ምን አለበት?» ቤቷ ገባች፣ መዝጊያውን ገጠመች፣ መቀርቀሪያውን ጣለች። ለገበሬ አንድ ሙሾ ሠራች። ለወታደር አንድ ሠራች። ለቄስ አንድ ሠራች። ለእናት፣ ለባልቴት፣ ለልጃገረድ። ማንም ገና ሳይሞት ለሁሉም ሠራችላቸው። በልቧ ደረደረቻቸው፣ ማታ ማታም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታጠናቸው ጀመር።

የገበሬው ይህ ነበር፦

«ሞፈርና ቀንበሩ ከጣራው ተሰቅሎ፤
በሬው አለቀሰ ጌታዬ የት ብሎ።»

ያምራል። እኔም ያምራል እላለሁ። ለማን እንደተባለ ግን ከቃሉ አይታወቅም።

አያ ደርበው ሞተ። አንጓች ቤቱን ሳትዞር በቀጥታ ገብታ በሬውን አስለቀሰችው። ሰው ሁሉ አለቀሰ።

አያ ሽባባው ሞተ። በሬውን አስለቀሰችው። ሰው አለቀሰ፤ አንዳንዱ ግን «ይህን የት ነበር የሰማሁት?» አለ።

አያ ጫኔ ሞተ። አንጓች አሁንም በቀጥታ ገባች፣ ደረቷን መታች፣ «በሬው አለቀሰ ጌታዬ የት ብሎ» አለች። ከሴቶቹ መሀል ከለቅሶ ቤት የማትጠፋ እማማ ድንቄ የምትባል አሮጊት ነበረች። ወደ ጎረቤቷ ዘወር አለችና በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «ምን ትላለች? በቀንዱ ወግቶ የገደለው ያው በሬ አይደል እንዴ?» አለች።

አንዱ ከኋላ በአፍንጫው ሳቀ። ሳቅ በለቅሶ ቤት! የጫኔ ሚስት ቀና ብላ አየች። ያን ቀን በዚያ ደጅ ሌላ ሰው አላለቀሰም፤ ብቻዋን አለቀሰች።

እንግዲህ አንጓች ብልህ ነበረች ብያችኋለሁ። እንዳልዋሽ ብልህ ናት፤ ትምህርቱን ግን ገልብጣ ያዘችው። «አያ ጫኔን ሳልዞር ገብቼ ነው» ማለት ሲገባት፣ «ጎተራዬ አልሞላም፤ በሬ ለወጋውም ለብቻው ሊኖረኝ ይገባል» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ መዝጊያዋን አጥብቃ ትዘጋ ጀመር።

አንድ ማታ ቢያድግልኝ ከገበያ ገባ። የአህያዋን ኩርታን ገና ከጀርባዋ ሳያወርድ፣ ከደጅ ሆኖ ጠራት።

«አንጓች! ዛሬ እኮ አንዲት ወፍ ቡላ ጀርባ ላይ ወጣች። ጨው ላይ ተቀምጣ ከወንዙ እስከ ሾላው ድረስ አብራን ሄደች። እኔ ስቆም ትቆማለች፣ እኔ ስሄድ...»

«ቢያድግልኝ፣ የያዝኩትን ታስጥለኛለህ!»

«እሺ» አለና ኩርታኑን አወረደ።

ሌላ ማታ ገባ።

«አንጓች፣ ዛሬ ገበያ ላይ አንዲት ሴት ሁለት ዋንጫ ገዛች። ገዝታ ትንሽ ሄደች፣ ቆመች። ተመለሰችና አንዱን ለሻጩ ሰጠችው። ምን አለችው መሰለሽ...»

«እባክህ! የሙሽራዋን ሙሾ ልጨርስ ስል ነው የመጣህብኝ።»

«ሙሽራ ሞተች እንዴ? የማን ልጅ?»

«አልሞተችም፤ ስትሞት ነው።»

«ማ?»

«የምትሞተዋ ናታ!»

ቢያድግልኝም «እግዜር ያቆያት» አለና ወጥቶ ለአህያዋ ገለባ ሰጣት። ሴትየዋ ለዋንጫ ሻጩ ምን እንዳለችው አልተናገረም።

በሦስተኛው ማታ ገባ። «አንጓች፣ ዛሬ እኮ...» አለና ፊቷን አየ።

«ምን?» አለች።

«ምንም አይደለም።»

ከዚያ ወዲያ ቢያድግልኝ እያመሸ ይገባ ጀመር። አንጓች ሙሾዎቿን አንድ በአንድ ታጠናለች፤ የመጨረሻውን ጨርሳ ዝም ስትል የቡላ ኮቴ ከደጅ ይሰማል። «እንዴት ያለ ዕድል ነው! ልክ ስጨርስ ይደርሳል» ትል ነበር። ገበያው ራቀብህ ወይ ብላ አልጠየቀችውም።

ወሩ የውርጭ ወር ነበር። አንድ ማታ ቢያድግልኝ እያሳለ ገባ።

«የት ቆመህ ነው ብርድ የመታህ?» አለችው።

«መንገድ ላይ ነው» አለ።

ብርዱ ደረቱ ውስጥ ገባ። ዝንጅብል ብታፈላለት አልለቀቀውም፣ ፌጦ ብትሰጠው አልለቀቀውም፣ ጠበል ብታስመጣለት አልለቀቀውም። አንጓች ሙሾዋን ትታ ራስጌው ተቀመጠች። ትወደው ነበር እኮ። ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ በደል ነው፤ ትወደው ነበር።

ቢያድግልኝ ዓይኑን ገለጠ።

«አንጓች፣ አንድ ነገር ልንገርሽ?»

«ነገ ትነግረኛለህ። አሁን ትንፋሽህን አትጨርስ።»

ይህን ያለችው ከቁጣ አይደለም፤ ከርኅራኄ ነው። እሱም እንደ ልማዱ «እሺ» አለ። ፀሐይ ስትወጣ ነገ መጣ። ቢያድግልኝ ግን አልነበረም።

አገሩ ሁሉ ለቅሶ መጣ። ቃሬዛው ከደጅ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከበቡ፤ የባሏን ሙሾ ሊሰሙ ጆሯቸውን ሰጡ። የአገሩ አልቃሽ ለገዛ ባሏ ምን ትል ይሆን?

አንጓች ቤቱን አልዞረችም። የገዛ ቤቷን ምን ልትዞር? ጎተራዋን ከፈተች። የገበሬ አለ፤ ቢያድግልኝ ገበሬ አይደለም። የወታደር አለ፤ ቢያድግልኝ ወታደር አይደለም። የቄስ አለ፤ ቢያድግልኝ ቄስ አይደለም። አንዲት አህያ ላለችው ሰው የተሠራ አልነበረም። ሰው ይጠብቃል። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ሊያነሡ ጎንበስ ብለዋል። የድሮው ላብ ጀርባዋን አጠመቀው፤ እጇ የደረሰበትን አነሣች።

«ሞፈርና ቀንበሩ ከጣራው ተሰቅሎ፤
በሬው አለቀሰ...»

ሳትጨርሰው ሴቶቹ ጨረሱላት። «ጌታዬ የት ብሎ» አሉ፣ የለመደውን ጸሎት እንደሚመልስ ሰው። አንድም ዓይን አልረጠበም።

 እማማ ድንቄ ወደ እሷ ተጠጋች። ልትሰድባት አይደለም፤ በእውነት ግራ ገብቷት ነው።

«አንጓች ልጄ፣ ቢያድግልኝ በሬ ነበረው እንዴ?»

  ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አነሡ። ቢያድግልኝም ቃል ሳይወጣለት አፈር ለበሰ።

ትሰሙኛላችሁ? ውኃ የፈለገ ይጠጣ፤ እዚህ ላይ እኔም ትንሽ አርፋለሁ።

እንግዲህ ለሟች አርባው አለለት። በአርባው ተዝካር ይወጣል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ቀሪ ቃል ካለ ያን ቀን ይባላል። ከዚያ ካለፈ አለፈ ነው። አንጓች «እስከ አርባው ለባሌ ቃል አገኛለሁ» ብላ ማለች።

ቄሱ ዘንድ ሄደች። «አባቴ፣ ባሌ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ደግ ሰው ነበር።»

ነጋዴዎቹ ዘንድ ሄደች። «ባሌ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ደግ ሰው ነበር፤ ጭነት አያጎድልም» አሉ። አንዱ ጨው ሻጭ ግን ቀና ብሎ አያት። «ሴትዮ፣ አብራችሁ ስትኖሩ አልነበር? ባልሽን እኛን ትጠይቂናለሽ?»

ጎረቤቶቿ ዘንድ ሄደች። «ደግ ሰው ነበር። ብዙ አይናገርም።»

ደግ ሰው ሙሾ አይሆንም። ደግ ሰው ብዙ ነው። «ብዙ አይናገርም» መባሉ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ወጋት። እንደሚናገር የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ቤቷ ገብታ መቀርቀሪያውን ጣለች። ተቀመጠች። ቃል ልታወጣ ልቧን ጨመቀችው፤ ድንጋይ የጨመቀች ያህል ነበር። ሲመሽ ጠላ ልትጠጣ ተነሣችና ሁለት ዋንጫ አወረደች። ሁለቱንም ካስቀመጠች በኋላ አየቻቸው። አንዱን መልሳ ሰቀለችው። ያን ጊዜ እንዲህ ስላደረገች አንዲት ሴት ባሏ ሊነግራት ጀምሮ እንደነበር ትዝ አላት። ሴትየዋ ለዋንጫ ሻጩ ምን አለችው? አሁን ማን ይንገራት?

ቀኑ ሄደ ሄደና የአርባው ዋዜማ ደረሰ። አንጓች ተስፋ ቆረጠች። ለድግሱ ግን ጨው ጎደለ፤ ሰው ሁሉ በሥራ ተይዟል። እማማ ድንቄ ልታግዝ መጥታ ነበርና፣ «ሂጂ አንቺ፣ ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ። አየርም ይንካሽ» አለቻት። አንጓችም ካገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኩርታኑን አንሥታ ቡላ ጀርባ ላይ ጫነች። ገልብጣ ጫነችው፤ ቡላ ዞር ብላ አየቻትና ዝም አለች።

ገበያ ሄደች። ጨውን ገዛች። ሲመሽ ተመለሰች። ስለ ሙሾ አላሰበችም፤ የምታስበው ስለ ጨው፣ ስለ ማገዶው፣ ስለ እግሯ ነበር።

ከቤቷ በታች፣ መንገዱ ወደ ዳገቱ ከመታጠፉ በፊት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ቡላ እዚያ ስትደርስ ቆመች።

«ሂጂ!» አለች አንጓች። አልሄደችም።

በገመዱ ሳበቻት። አልሄደችም። በለበቅ መታቻት። አልሄደችም። «ተይ እንጂ አንቺ! ቤቱ ይኸው አይደል!» ብላ ለመነቻት። ቡላ ጆሮዋን ወደ ቤቱ አቅንታ ቆማለች። አንጓች ደከማትና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

ድንጋዩ እንደ ወንበር ተቀበላት። ሰው ብዙ የተቀመጠበት ነውና ለስልሶ ነበር። ወደ እግሯ ብታይ መሬቱ ላይ የመፋቂያ ስባሪ ተከምሯል። የወይራ መፋቂያ፣ ጫፉ የታኘከ። ከታች ያለው ሸብቷል፣ ከላይ ያለው ገና ልጡ አልለቀቀም። ቢያድግልኝ ከወይራ ሌላ መፋቂያ አፉ አያስገባም ነበር።

«እዚህ ምን ያደርግ ነበር?» አለች።

ያን ጊዜ ከላይ ከቤቷ ድምፅ መጣ። እማማ ድንቄ ናት። «እሽ! ውጪልኝ! ይቺ ዶሮ ዛሬ አብዳለች እንዴ!» እያንዳንዱ ቃል አጠገቧ እንደተባለ ይሰማል። ቀጥላ አሮጊቷ እየፈጨች ማንጎራጎር ያዘች። እሱም ይሰማል። ቡላ አልተነቃነቀችም። አንጓችም አልተነቃነቀችም። እንጉርጉሮው ረዘመ፣ ረዘመ፣ አለቀ። ቤቱ ዝም አለ።

ቡላም የአንጓችን እጅ ሳትጠብቅ፣ ማንም ሂጂ ሳይላት፣ ራሷን ነቅንቃ ወደ ቤት መውጣት ጀመረች።

አንጓች ግን ከድንጋዩ አልተነሣችም። ሁሉም ነገር ገባት። መንገድ ላይ ነው ብሎ ነበር እኮ፤ መንገዱ ይኸው ነው። ውርጩ ይኸው ነው። የእሷ ድምፅ እስኪያበቃ ባሏ መፋቂያውን እያኘከ እዚህ ይቀመጥ ነበር፤ አህያዋንም አስለምዷት ነበር።

በማግሥቱ አርባው ሆነ። ሰው መጣ። ለጸሎቱ የመጣ አለ፣ ለጠላው የመጣም አይጠፋም። አንጓች ስትነሣ አንዷ ሌላዋን በክርኗ ነካች። «ይኸው፣ በሬውን እንደገና ልታስለቅሰው ነው።»

አንጓች ቃል አላዘጋጀችም። እጇ ባዶ ነው፣ አፏ ባዶ ነው። ቆመች። ዝም አለች። ሰው አንድ ጉንጭ ውኃ እስኪውጥ ቆየች፤ ከዚያም በላይ ቆየች። አልፈራችም። የምትፈራው ሁሉ ደርሶ አልቆ ነበር።

«በገዛ ደጃፉ እንደ ሩቅ እንግዳ፤
ዝም እስክል ጠበቀኝ ውርጭ ለብሶ ከሜዳ።»

ሴቶቹ ሊቀበሏት አፋቸውን ከፈቱ። ግን የሚቀጥለውን ማንም አላወቀውም። እሷም አላወቀችውም ነበር፤ ሲወጣ ነው ከእነሱ ጋር የሰማችው።

«አሁን ዝም ብያለሁ ና ግባ ከቤትህ፤
አህያዋ ገባች አንተ ወዴት ቀረህ።»

እማማ ድንቄ ማንንም ሳትጠይቅ ደረቷን መታች። ያቺ በክርኗ የነካችዋ ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጠላ ሊጠጣ የመጣው ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ። ቢያድግልኝ በሬ የሌለው፣ መሬት የሌለው፣ ብዙ አይናገርም የተባለው ሰው፣ ያን ቀን ታወቀ።

አንጓች ግን ተካሰች እንዳልላችሁ እፈራለሁ። ከዚያ በኋላ መዝጊያዋን ከመቃኑ ነቅላ ጣለችው። ጎረቤት ይገባል፣ መንገደኛ ይገባል፣ ዶሮም ይገባል፤ ያየውን የሚነግራት ሁሉ ይነግራታል። «ቀጥል» ትላለች፤ «ከዚያስ?» ትላለች። ለቅሶ ቤት ባዶዋን ሄዳ፣ ዞራ፣ ተደናቅፋ፣ ማንም ያልሰማውን ሙሾ ታወጣለች። ስሟ ከፊተኛው ይልቅ ሰፋ። ነገር ግን ቢያድግልኝ በመጨረሻው ሌሊት ሊነግራት የነበረውን ነገር እስክትሞት ድረስ አላወቀችም። ትልቅ ነገር ይሆናል፤ ወይም ስለ አንዲት ወፍ ይሆናል። አንድ ሰው ሊያወራት ጀምሮ «ምንም አይደለም» ሲል እጅጌውን ትይዘዋለች፣ ተቀምጦ እስኪነግራት አትለቀውም ነበር። አንዳንዱ ተሳቀቀ፣ አንዳንዱ አበደች አለ። እሷ አልለቀቀችም።

ምክሩ ይኸው ነው ልጆቼ። ሸማ ብትሸምኑ፣ እንጨት ብትጠርቡ፣ ግጥም ብትገጥሙ፣ ተዘጋጁ፤ መዘጋጀት አይከፋም። ግን ያላሰባችሁት ነገር የሚገባበት አንድ በር ክፍት ተዉ። መልካም ነገር እንግዳ ነው፤ እንግዳ የተዘጋ በር አይገፋም። ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ አንድ ቀን ብርድ ይመታዋል። የሚወዳችሁም ሰው «አንድ ነገር ልንገርህ» ሲላችሁ፣ ከርኅራኄም ቢሆን፣ ነገ አትበሉት።

ተረቴ ወደ ቤቷ ሄደች፤ እናንተም ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ቀስ ብላችሁ ውረዱ፤ ሣሩ ጤዛ አለው። ስትገቡም መቀርቀሪያውን ከመጣላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ውጭ እዩ፤ የሚጠብቅ ሰው ይኖር ይሆናል።